ሉዊ ፓስተርና የውሻ ስም፦ የእብድ ውሻ በሽታ ታሪክ ከአርቧ እስከ ሽንፋ

መግቢያ

በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በመተማ ወረዳ፣ ለሱዳን ጠረፍ ቅርብ የሆነችው ሽንፋ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚመረትባት የቆላ ምድር ናት። እንደ ብዙው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ በዚህም ውሻ የቤት፣ የበረትና የማሳ ዘበኛ ነው። ዘበኛ በመሆኑም ስም ይወጣለታል። አንዱ ክፉ፣ ሌላው ለማዳ፣ ሦስተኛው ጮኾ የማይነካ ይባላል፤ ስምም አንዴ ከቤት ከወጣ ጎረቤት ይከተለዋል። ሰው በውሻ በተነከሰ ጊዜ ቀድሞ የሚጠየቀው የማን ውሻ እንደሆነ ነው፤ የሚቀጥለው ፍርድም በአብዛኛው ይህንኑ ስም ተከትሎ ይሰጣል። ክፉ የተባለው ነክሶ ከሆነ ልማዱ ነው ይባላል። ለማዳው ነክሶ ከሆነ ደግሞ ደንግጦ ወይም ቡችሎቹን ሲጠብቅ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም ፍርዶች አንድ ነገር ያስረሳሉ፤ የነከሰው ውሻ ታሞ ሊሆን ይችላል።

የውሻን ጠበኝነት በዝናው ወይም በዝርያው መመዘን የአንድ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞችም ተመሳሳይ እምነት ሰፍኖ ነበር። ይህን እምነት ከመሠረቱ ያናጋው፣ ለውሻ ጠባይ ጥናት ተነሥቶ የማያውቅ አንድ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሉዊ ፓስተርን ሕይወት ከዚህ አንጻር ይተርካል። ዓላማውም ሁለት ነው፦ አንደኛ፣ የተናካሽ ውሻ አደጋ ከስም ወደ በሽታ ምርመራ የተሸጋገረበትን መንገድ ማሳየት፤ ሁለተኛ፣ ያ መንገድ በመተማ ቆላ ለሚኖር ሰው ዛሬ ምን ትርጉም እንዳለው ማመልከት። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የቆዳ ፋቂው ልጅ

ሉዊ ፓስተር በታኅሣሥ 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው ዶል ከተማ ተወለደ። አባቱ ዣን ዦዜፍ በናፖሊዮን ሠራዊት ውስጥ በአምሳ አለቅነት ያገለገለ፣ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቆዳ ፋቂነት ሥራው የተመለሰ ሰው ነበር። ቤተሰቡ በኋላ ወደ አርቧ ተዛውሮ ልጁ በዚያች ትንሽ ከተማ አደገ። በትምህርቱ ገና ከጅምሩ የታወቀ አልነበረም፤ ይበልጥ የሚታወቀው በሥዕል ችሎታው ነበር።

በ1831 መኸር፣ ሉዊ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ያበደ ተኩላ በአካባቢው ሰውና እንስሳ እየነከሰ አለፈ። የተነከሱት ሰዎች ለፓስተር ቤት ቅርብ ወደነበረው ቀጥቃጭ ዘንድ እየተወሰዱ ቁስላቸው በጋለ ብረት ይተኮስ ነበር። ያም ሆኖ በአካባቢው ስምንት ሰዎች እንደሞቱ ተመዝግቧል። በእጅና በራስ ላይ የተነከሱት የከፋ ዕጣ ገጠማቸው። ልጁ ያየውን አልረሳም፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎችም ይህን ትዝታ ከኋለኛው ሥራው ጋር ያያይዙታል። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን አንሥቶ የእብድ ውሻ በሽታን እስከ መረመረበት ጊዜ ድረስ ወደ 50 ዓመት ገደማ አልፏል። በመካከሉ የነበረው ጉዞ ሌላ ነበር።

ፓስተር በፓሪስ ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርቱን ፈጸመ። በ1848 የወይን ጠጅ አሲድ ከሚባለው ንጥረ ነገር የተገኙ ክሪስታሎችን በመመርመር፣ የአንድ ንጥረ ነገር ሞለኪውሎች እንደ ቀኝና ግራ እጅ ተመሳሳይ ግን ተቃራኒ ቅርጽ ሊኖራቸው እንደሚችል አሳየ። በ1849 ማሪ ሎራን የተባለችውን የስትራስቡርግ አካዳሚ ኃላፊ ልጅ አገባ። በ1854 ወደ ሊል ተሾሞ ሲሄድ የአልኮል ጠማቂዎች ችግር ወደ እርሾ ጥናት መራው። መፍላት በሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን የሚመጣ መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ በ1860ዎቹ መጀመሪያ አንገታቸው እንደ ዝይ አንገት በተቆለመሙ ጠርሙሶች ሕይወት ከምንም ተነሥታ እንደማትፈጠር አረጋገጠ። የወይን ጠጅንና ሌሎች መጠጦችን በመጠኑ በማሞቅ ከብልሽት ማዳን የሚቻልበት ዘዴ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ይህ ሁሉ ስኬት ከቤቱ ኀዘን ጋር ጎን ለጎን የሄደ ነበር። ከአምስት ልጆቹ ሦስቱ በሕፃንነታቸው ወይም በአፍላነታቸው ሞቱ፤ ሁለቱ የሞቱት በአንጀት ተስቦ ነው። በ1868 እርሱ ራሱ በአንጎል ደም መፍሰስ ተመትቶ የግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ዕድሜው ያን ጊዜ 45 ነበር። የሐር ትል በሽታን ጥናት የፈጸመው፣ ቀጥሎም ወደ እንስሳትና ወደ ሰው በሽታዎች የተሸጋገረው ግማሽ አካሉን በሚገባ ማዘዝ እየተሳነው ነው።

ዝርያ እንደ ጥፋተኛ

ፓስተር ወደ ውሻ በሽታ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን አስተሳሰብ መረዳት ለታሪኩ አስፈላጊ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች በሽታው ያለ ተላላፊ ምክንያት ከውሻው ከራሱ ሊመነጭ ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። የበጋ ሙቀት፣ ጥማት፣ ረኃብ፣ መታሰር፣ ከጾታ ተጓዳኝ መለየት እንደ ምክንያት ይቆጠሩ ነበር። ከዚህ እምነት አንድ እርምጃ ቢኬድ የሚደረስበት ቦታ ግልጽ ነው፤ በሽታው ከውሻው ተፈጥሮ የሚመነጭ ከሆነ፣ ተፈጥሮው የከፋ ዝርያ ይበልጥ ያብዳል ማለት ነው።

በ1870ዎቹ በኒው ዮርክ ስፒትዝ የተባለው ነጭ፣ ጸጉራም፣ አነስተኛ ውሻ የገጠመው ይኸው ነው። ጋዜጦች ይህን ዝርያ ለእብድ ውሻ በሽታ የተለየ ዝንባሌ ያለው አድርገው ደጋግመው በመጻፋቸው ሕዝቡ ፈራው፤ ባለቤቶችም ውሾቻቸውን አስወገዱ። ዝርያው በዘመኑ በብዙ ቤቶች የሚገኝ ስለነበረ በመናከስም ብዙ ጊዜ ይጠቀስ ነበር። ብዛትና ጠበኝነት ግን አንድ አይደሉም። በአንድ ሰፈር አብላጫዎቹ ውሾች አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ አብላጫው ንክሻም ከእነርሱ መምጣቱ የሚጠበቅ ነው። በአውሮፓ ከተሞችም ጥርጣሬው በተለይ በድሆች ውሾችና ባለቤት አልባ ሆነው በሚዞሩ ውሾች ላይ ይወድቅ ነበር፤ የባለጸጋ እቅፍ ውሻ ግን ከጥርጣሬ ነጻ ሆኖ ይኖራል።

ከላቦራቶሪው የመጡ ሁለት ውሾች

ፓስተር ወደዚህ ጥናት የገባው በ1880 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሊዮን የእንስሳት ሕክምና መምህር የነበረው ፒዬር ቪክቶር ጋልቲዬ በሽታውን ከውሻ ወደ ጥንቸል ማስተላለፍ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ይህ ግኝት ተመራማሪዎችን ከተናካሽ ውሻ አደጋ በመጠኑ ያሳረፈ በመሆኑ ለፓስተር ሥራ ትልቅ መነሻ ሆኗል። የጋልቲዬ ስም ግን በሕዝብ ዘንድ እምብዛም አልታወቀም።

በታኅሣሥ 1880 ቡሬል የተባለ ጡረታ የወጣ የጦር ሠራዊት የእንስሳት ሐኪም ሁለት የታመሙ ውሾች ወደ ፓስተር ላቦራቶሪ ላከ። ቡሬል ለዚህ በሽታ መፍትሔ ሲፈልግ ብዙ ዘመን የቆየ ሰው ነበር፤ የውሾች ጥርስ በሞረድ ቢደነዝዝ ንክሻቸው ቆዳ አይበሳም የሚል ሐሳብም አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ የዘመኑን አስተያየት በግልጽ ያሳያል። ትኩረቱ በውሻው ጥርስ ላይ ነበር።

የላካቸው ሁለት ውሾች ግን ሌላ ትምህርት ይዘው መጡ። አንደኛው በቁጣ የሚወረወርና ያገኘውን የሚነክስ ነበር። ሁለተኛው መንጋጋው ወርዶ፣ ምላሱ ወጥቶ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ ዝም ብሎ የተኛ ነበር፤ መናከስም አይችልም። ሁለቱም በአንድ በሽታ የተያዙ ነበሩ። የመጀመሪያው መልክ የቁጣ፣ ሁለተኛው የሽባነት መልክ ይባላል። የሁለተኛውን ውሻ አፍ አጥንት ተሰንቅሮበታል ብሎ በባዶ እጁ የሚፈትሽ ሰው፣ በቁጡው ከሚነከሰው ያላነሰ አደጋ ይደርስበታል። የውሻን አደገኛነት በቁጣው የሚለካ ሰው ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ሳያየው ያልፋል።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በምራቅ ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። የልጁ ባል ሬኔ ቫሌሪ ራዶ በጻፈው የሕይወት ታሪክ እንደተመዘገበው፣ አንድ ግዙፍ ያበደ ቡልዶግ በጠረጴዛ ላይ ታስሮ ፓስተር በከንፈሩ በያዘው የመስታወት ቱቦ ከእንስሳው አፍ ምራቅ ስቦ አውጥቷል። ዘዴው ግን አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም። ምራቅ ብዙ ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚይዝ ውጤቱ ይደባለቃል። በበሽታው ከሞተ አንድ ሕፃን ምራቅ የወሰደው ናሙናም ጥንቸሎችን የገደለው በሌላ ተሐዋሲ እንደሆነ ፓስተር ራሱ ተገንዝቧል። ከዚህ በኋላ እርሱና ረዳቱ ኤሚል ሩ ትኩረታቸውን ወደ ነርቭ ሥርዓት አዞሩ። በበሽታው ከሞተ እንስሳ የአንጎል ቁራሽ ወስደው፣ የሌላውን እንስሳ የራስ ቅል በጥንቃቄ ቀድደው ሲያስገቡበት በሽታው ሳይስት ይገለጥ ነበር።

ይህ ውጤት የጠባዩን እንቆቅልሽ ፈታ። በሽታው በነርቭ መንገድ ወደ አንጎል የሚደርስ ከሆነ፣ የውሻው መለወጥ የአንጎል መታመም ምልክት ነው። ለማዳው የሚናከሰው፣ ቁጡውም በድንገት የሚለሰልሰው ወይም ከሰው የሚሸሸገው ተፈጥሮው ስለተገለጠ አይደለም፤ ጠባዩን የሚያዝዘው አካል ስለተነካ ነው። ስለዚህ የውሻ ስም የሚናገረው ውሻው ሳይታመም ስለነበረው ጠባይ ብቻ ነው። ለበሽታው ምርመራ ከስሙ ይልቅ የሚጠቅመው የጠባዩ ለውጥ ነው።

ከውሻ ወደ ሰው

ፓስተርና ባልደረቦቹ የበሽታውን መንሥኤ በዓይን አላዩትም፤ የዘመኑ ማይክሮስኮፕ ለቫይረስ አቅም አልነበረውም። ነገር ግን ከጥንቸል ወደ ጥንቸል በተደጋጋሚ በማስተላለፍ የመታያ ጊዜው ወደ ስድስትና ሰባት ቀን ያጠረና የማይለዋወጥ ኃይል ያለው ዘር አገኙ። ቀጥሎም በዚህ የሞተ ጥንቸል ሕብለ ሰረሰር እርጥበት በማይገባበት ጠርሙስ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲደርቅ፣ ኃይሉ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ በሁለት ሳምንት ያህል ውስጥ ጉዳት የማያደርስበት ደረጃ ላይ እንደሚደርስ ተመለከቱ። ክትባቱ የተገነባው በዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከደከመው ተጀምሮ፣ በየቀኑ ይበልጥ ኃይለኛው እየተከተለ ይወጋል። ከንክሻ እስከ በሽታው መገለጥ ያለው ጊዜ በአብዛኛው ከሳምንታት እስከ ወራት የሚረዝም በመሆኑ፣ ክትባቱ በሽታውን ሊቀድመው ይችላል።

ሐምሌ 4 ቀን 1885 በአልዛስ ዦዜፍ ሜይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ውሻ ነከሰው። ውሻው ዱር አደር አልነበረም፤ ባለቤት ያለው፣ የአንድ ባለሱቅ ውሻ ነበር። በልጁ ሰውነት ላይ 14 ቁስል ተቆጠረ። ከሁለት ቀን በኋላ እናቱ ፓሪስ አደረሰችው። ፓስተር ሐኪም ስላልነበረ መርፌውን የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነው። በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ 13 መርፌ ተወጋ፤ የመጨረሻዎቹ እጅግ ኃይለኛ ነበሩ። ልጁ ዳነ። በጥቅምት ወር ደግሞ ዣን ባፕቲስት ዡፒል የተባለ የ15 ዓመት እረኛ ሌሎች ልጆችን ለማዳን ካበደ ውሻ ጋር ታግሎ እጁን በጽኑ ተነክሶ መጣ፤ እርሱም ዳነ።

በጥቅምት 26 ቀን 1885 ፓስተር ለሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ዘገባ፣ ከሜይስተር በፊት በማንኛውም ዕድሜና በማንኛውም ዝርያ የሚገኙ 50 ውሾችን ያለ አንድም ውድቀት ከበሽታው እንዲጠበቁ ማድረጉን ገለጸ። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ቃሉ ክብደት አለው። የተለያዩ ዝርያዎችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለ ልዩነት ያጠቃለለው ሙከራ፣ ጋዜጦች ስፒትዝን ሲከሱ ከነበረበት ዘመን ጥቂት ዓመታት ብቻ የራቀ ነው።

ዝናው በዓለም ተሰማ። በመጋቢት 1886 ባበደ ተኩላ የተነከሱ 19 ሩሲያውያን ከስሞሌንስክ ፓሪስ ድረስ መጡ፤ 16ቱ ድነው ተመለሱ። በ1886 መጨረሻ ሕክምናውን ያገኙት ሰዎች ቁጥር 2,500 ገደማ ደረሰ። በሕዝብ መዋጮ የተሠራው የፓስተር ኢንስቲትዩትም በኅዳር 14 ቀን 1888 ተመረቀ።

የግል መዝገቦቹ የሚናገሩት

የፓስተር ሕይወት ከውዳሴ ባሻገር መታየት አለበት። የላቦራቶሪ መዝገቦቹን ማንም እንዳያይ ለቤተሰቡ አዝዞ ነበር። የልጅ ልጁ በ1964 ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ካስረከባቸው በኋላ ተመራማሪዎች ሊያነቧቸው ቻሉ። የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊው ጄራልድ ጋይሰን በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ጉዳዮችን አጉልቷል። አንደኛው፣ በ1881 በፑዪ ለ ፎር በጎች ላይ በአደባባይ የተፈተነው የአባ ሰንጋ ክትባት ፓስተር ሕዝቡ እንዲያምን ባደረገው ዘዴ ሳይሆን፣ ለተፎካካሪው ቱሴን ዘዴ በቀረበ ኬሚካላዊ መንገድ የተዘጋጀ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ለሜይስተር የተሰጠው ዓይነት ሕክምና በውሾች ላይ ገና በመሞከር ላይ የነበረና ሙከራው ያልተጠናቀቀ መሆኑ ነው። ሩ ራሱ በልጁ ሕክምና ለመሳተፍ አልፈቀደም።

በሌላ በኩል፣ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የማይታሰብ በመሆኑ፣ በ14 ቁስል የመጣውን ልጅ ያለ ሕክምና መመለስም ከባድ ውሳኔ ነበር። ዛሬ በድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች የምርምር ሥነ ምግባር ሲሰጥ ይህ ታሪክ የሚነሣው ስለዚህ ነው። በተጨማሪም ሁሉም አልዳኑም። ሉዊዝ ፔልቲዬ የተባለች የአሥር ዓመት ልጅ ራሷን ከተነከሰች ከ37 ቀን በኋላ በኅዳር 1885 መጥታ ነበር። ፓስተር ጊዜው እንዳለፈ ቢያውቅም ወላጆቿን ሊመልስ አልቻለም፤ ልጅቱ በታኅሣሥ መጀመሪያ ሞተች። የዘገየ ሕክምና ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ጉዳይ በዚያ ዘመን መዝገብ ውስጥ አይገኝም።

ፓስተር መስከረም 28 ቀን 1895 በፓሪስ አጠገብ በቪልኔቭ ሌታንግ ዐረፈ። የሙከራ ውሾቹ ይኖሩበት የነበረው ይኸው ቦታ ነው። አስከሬኑም በኋላ በኢንስቲትዩቱ ምድር ቤት በተሠራው መቃብር አርፏል። ሜይስተር ካደገ በኋላ የዚሁ ኢንስቲትዩት በር ጠባቂ ሆኖ አገልግሏል።

ሥራው በኢትዮጵያ

የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ባሰባሰባቸው መረጃዎች መሠረት፣ በ1884 በትግራይ፣ በቤጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። ያ ዓመት ሜይስተር ከታከመበት በፊት ያለው ዓመት ነው። በአዲስ አበባም በነሐሴ 1903 ትልቅ ወረርሽኝ ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት ጣሊያናዊው አዴልኪ ኔግሪ በታመሙ እንስሳት አንጎል ውስጥ የሚታዩትንና ለብዙ አሥርት ዓመታት ለምርመራ ያገለገሉትን አካላት ገለጸ። የመተማ ቆላ በዚያ ዘመን የጦርነት ምድር ነበር። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ የወደቁት በመጋቢት 1889፣ የፓስተር ኢንስቲትዩት በተመረቀ በአራተኛው ወር ነው።

በአገራችን ለዚህ በሽታ የቆየው ሕክምና በብራና የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። እንዶድና ብሳናን የመሳሰሉ ዕፀዋት ለዚሁ ያገለግሉ ነበር፤ ጠበልም የብዙዎች ተስፋ ሆኖ ኖሯል። ዘመናዊው ክትባት የገባው ፓስተር ባቋቋመው ተቋም መንገድ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፈረንሳይና በኢትዮጵያ መንግሥታት ስምምነት የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥሩን ከዚያ ይስባል። በዚህ ተቋም ለብዙ ዘመን የተመረተው ክትባት ፌርሚ በተባለ ጣሊያናዊ ሳይንቲስት ስም የሚጠራው፣ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ዓይነት ነው። በተከታታይ ቀናት ብዙ ጊዜ በሆድ ዙሪያ የሚወጋ በመሆኑ ታካሚውን ከሥራውና ከቤቱ ያርቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከነርቭ አካል የሚሠሩ ክትባቶች ቀርተው በሴል እርባታ በሚዘጋጁ ዘመናዊ ክትባቶች እንዲተኩ መክሯል።

በሽታው ግን አልጠፋም። በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ለሰው የሚተላለፈውም ከመቶ 99 በሚሆን መጠን ከውሻ ነው። ለኢትዮጵያ ወደ 2,700 የሚደርስ ዓመታዊ ግምት በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። በቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ተካሂዶ በ2013 የታተመ ጥናት፣ በዓመት ከ100,000 ሰው ከሁለት በላይ፣ ከ100,000 ውሻ ደግሞ ከ400 በላይ በበሽታው እንደሚያዙ ገምቷል። አብዛኞቹ ተጠያቂዎችም ከጤና ተቋም ይልቅ በባህላዊ ሐኪም እንደሚተማመኑ አመልክቷል። መተማ በዚያን ጊዜ የዚሁ ዞን አካል ነበረች።

ለሽንፋና ለአካባቢዋ ይህ ቁጥር የተለየ ክብደት አለው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ በማያውቀው አገር፣ በማያውቃቸው ውሾች መካከል ያድራል። የውሻውን ስም ስለማያውቅ ለማዳውን ከክፉው መለየት አይችልም፤ ቢነከስም ውሻውን ለአሥር ቀን የሚከታተልለት ሰው የለውም። የመታያው ጊዜ ረጅም ስለሆነ ደግሞ በቆላ ተነክሶ፣ ደሞዙን ተቀብሎ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ሊታመም ይችላል። በዚህ ጊዜ ሞቱ ከተነከሰበት ቦታ ሳይሆን ከሞተበት ቦታ ጋር ይቆጠራል፤ ወይም ጨርሶ አይቆጠርም። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ለቀን ሠራተኛ ይህ ርቀት የሥራ ቀናትና የመጓጓዣ ገንዘብ ማለት ነው። ንክሻው ከታወቀና ከለማዳ ውሻ የመጣ ሲመስለው ጉዞውን መተዉ አያስገርምም።

ዝርያና ጠበኝነት በዛሬው ጥናት

ዝርያ ጠበኝነትን ይወስናል ወይ የሚለው ጥያቄ ከበሽታው ውጭም ቀጥሏል። ብሪታንያ በ1991 ባወጣችው የአደገኛ ውሾች ሕግ ፒት ቡልን ጨምሮ አራት ዓይነት ውሾችን ከልክላለች። በአዲስ አበባም ጀርመን ሸፐርድን የመሰሉ የውጭ ዝርያዎች በተፈሪነታቸው ለግቢ ጥበቃ ይመረጣሉ። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት ግን ከ18,000 በላይ ውሾችን ባለቤቶች ጠይቆ፣ ከ2,000 በላይ የሚሆኑትን ዘረ መል መርምሮ፣ ዝርያ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ከመቶ 9 ያህሉን ብቻ እንደሚያስረዳ አገኘ። በተለይ ውሻ በምን ያህል ትንኮሳ ይቆጣል የሚለውን ለመተንበይ ዝርያ እጅግ ደካማ መሣሪያ ሆኖ ተገኝቷል። የትልቅ ውሻ ንክሻ ከትንሹ ይልቅ ጉዳቱ ሊብስ መቻሉ እውነት ነው፤ ይህ ግን የአካል መጠን እንጂ የጠባይ ጉዳይ አይደለም።

በኢትዮጵያ ገጠር የሚገኘው ውሻ በአብዛኛው በዝርያ ያልተለየ የአገር ውሻ ስለሆነ፣ የዝርያን ቦታ የሚይዘው የእያንዳንዱ ውሻ ወይም የባለቤቱ ስም ነው። አሠራሩ ግን አንድ ነው። ውሻውን ሳይሆን ስለ ውሻው የሚወራውን መመልከት ነው። ለጤና ባለሙያ ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ትምህርት ግልጽ ነው። ተነካሹን ስለ ውሻው ክፋት መጠየቅ ጥቅሙ ትንሽ ነው። መጠየቅ ያለበት ጠባዩ በቅርቡ ተለውጦ እንደሆነ፣ ሳይተነኮስ ነክሶ እንደሆነ፣ ተከትቦ እንደሆነ፣ ዛሬ የት እንዳለ ነው።

ማጠቃለያ

የፓስተር ሕይወት ለዚህ ጉዳይ የተወው ውርስ ሦስት ነገር ነው። የበሽታው አደጋ በምራቅና በነርቭ የሚተላለፍ እንጂ በዝርያ የሚወረስ አለመሆኑን አሳየ። ዝምተኛው የታመመ ውሻ ከቁጡው እኩል አደገኛ መሆኑን በላቦራቶሪው አረጋገጠ። ከንክሻ በኋላ ጊዜ እንዳለ፣ ያ ጊዜ ግን እንደሚያልቅ በሜይስተር መዳንና በፔልቲዬ ሞት አስመሰከረ። ብሪታንያ በ1902 በሽታውን ከምድሯ ያጠፋችው አንድን ዝርያ በመለየት ሳይሆን፣ ውሾች ሁሉ አፋቸው እንዲለጎምና ከውጭ የሚገቡትም ተለይተው እንዲቆዩ በማድረግ ነው። ዛሬ ለዚህ የሚያገለግለው ዋና መሣሪያ የውሾች ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ከመቶ 70 ያህሉ ውሾች ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ ይታመናል፤ የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹም በ2030 ከውሻ በሚተላለፈው በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ግብ አስቀምጠዋል።

በመተማና በሽንፋ ይህን ለመፈጸም ሁለት ወቅቶች ይመቻሉ። አንደኛው፣ ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ከመበላሸቱና የአረም ሠራተኛው ከመውረዱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ሰው ሳይበዛ ያለው አጭር ጊዜ ነው። በእነዚህ ጊዜያት የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ተባብረው ክፉና ለማዳ ሳይሉ የአካባቢውን ውሾች ቢከትቡ፣ ለሠራተኛውም ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እንዲያጥብና ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ቢነግሩት፣ ብዙ ሞት ይቀራል። በዚህ ላይ የሚነሣው ቀጣይ የምርምር ጥያቄም ከዚህ ይጀምራል፦ በቆላ ተነክሰው በደጋ የሚሞቱ ሰዎች በየትኛው መዝገብ እንደሚገኙ፣ ሁለቱንም መዝገቦች ማን እንደሚያገናኛቸው መለየት ያስፈልጋል።